ቤት ልቀቁ ሲባል፦ የቤተሰብን ጤና መጠበቅና የመኖሪያ ቤት እርዳታ መፈለግ

ቤት እንዲለቅ የተነገረው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው የት እንደሚገባ፣ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣና ልጆቹ እንዴት እንደሚሆኑ ነው። ጤና የሚታወሰው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ፣ መድኃኒቱ ካለቀ ወይም ልጁ ከታመመ በኋላ ነው። ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባና በሌሎች የኢትዮጵያ ከተሞች የሚኖሩ፣ በአከራይ ወይም በልማት ምክንያት ከቤታቸው ለሚነሱ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ነው። ከመነሳትዎ በፊት፣ በሚነሱበት ጊዜና በአዲሱ ቦታ የራስዎንና የቤተሰብዎን ጤና እንዴት እንደሚጠብቁ፣ እርዳታስ የት እንደሚጠይቁ ያስረዳል።

በአጭሩ

• በቃል ብቻ ተነግሮዎት ከሆነ ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቀኑንም መዝግበው ይያዙ።
• ሳያነቡና ሳይረዱ ምንም ወረቀት ላይ አይፈርሙ።
• የቤተሰቡን ሰነድና መድኃኒት በአንድ ቦርሳ ለይተው፣ ከሌላው ዕቃ ጋር ሳይጫን በእጅዎ ይያዙት።
• ለሳንባ ነቀርሳ፣ ለኤችአይቪ፣ ለስኳር፣ ለደም ግፊት፣ ለሚጥል በሽታና ለአዕምሮ ሕመም የሚወሰድ መድኃኒት ለአንድ ቀንም መቋረጥ የለበትም።
• በአንድ ክፍል ተጨናንቃችሁ የምትቆዩ ከሆነ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ።
• ሐዘን፣ ንዴትና እንቅልፍ ማጣት የሚጠበቁ ናቸው። ከ2 ሳምንት በላይ ከቆዩና ሥራ ካስፈቱ ግን ሐኪም ያማክሩ።

ከቤት መነሳት ጤናን እንዴት ይጎዳል?

ቤት ከጣሪያና ከግድግዳ በላይ ነው። ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ፣ ልጅ የሚይዘው ጎረቤት፣ እድሩና ማኅበሩ ሁሉ ከቤቱ ጋር የተያያዙ ናቸው። ቤተሰቡ ሲነሳ እነዚህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይቋረጣሉ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው የጤና ችግር በአብዛኛው በአራት መንገድ ነው።

1. ጭንቀት፦ የሚደርሰው ነገር በማይታወቅበት ጊዜ ሰውነት ሁልጊዜ በተጠንቀቅ ላይ ይሆናል። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ራስ ምታትና የጨጓራ ሕመም ይጨምራል፣ የደም ግፊትና የደም ስኳርም ከፍ ይላል።
2. የሕክምና መቋረጥ፦ ካርዱ ያለው በቀድሞው ጤና ጣቢያ ነው፤ ቀጠሮ ያልፋል፣ መድኃኒት ያልቃል።
3. መጨናነቅ፦ ዘመድ ቤት መጠጋት ወይም አንዲት ጠባብ ክፍል መከራየት ለሳል፣ ለእከክና ለተቅማጥ በሽታዎች ያጋልጣል።
4. የገንዘብ እጥረት፦ ለቀብድ፣ ለደላላና ለጭነት የሚወጣው ገንዘብ የሚቀነሰው በአብዛኛው ከምግብና ከመድኃኒት ነው።

ማስጠንቀቂያው በደረሰዎት ቀናት

ደብዳቤውን በጥሞና ያንብቡ። ማን እንደጻፈው፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነ፣ መቼ ልቀቁ እንደሚል፣ ቅሬታ የሚቀርበው የት እና እስከ መቼ እንደሆነ ይለዩ። የቅሬታ ጊዜ አጭር ነው፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ መከራከር በጣም ይከብዳል። ማንበብ ካስቸገረዎት የሚያምኑት ጎረቤት፣ የልጅዎ መምህር ወይም የሕግ ባለሙያ ያንብብልዎት። ደብዳቤውን በሞባይልዎ ፎቶ አንስተው ለአንድ ዘመድ ይላኩ።

የግል ቤት ተከራይ ከሆኑ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። በአዋጁ መሠረት የውሉ ዘመን ከ2 ዓመት ማነስ የለበትም፤ ቅድመ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። የኪራይ ጭማሪም አከራዩ በፈለገ ጊዜ የሚያደርገው ሳይሆን ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። አዋጁ በአዲስ አበባ የሚፈጸመው በወረዳ ደረጃ ስለሆነ ውልዎንና የከፈሉበትን የባንክ ደረሰኝ ይዘው ወደ ወረዳዎ ይሂዱ። ውል ሳይኖርዎት የኖሩ ከሆነም ከመሄድ አይቅሩ፤ በባንክ ወይም በቴሌብር የላኩት የኪራይ ገንዘብ በቤቱ ለመኖርዎ ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

አከራይ በር ቢቆልፍ፣ ውሃና መብራት ቢቆርጥ ወይም ዕቃ ቢያወጣ፣ ወደ ጠብ አይግቡ። የሆነውን በፎቶና በምስክር ያስመዝግቡና ለወረዳውና ለፖሊስ ያመልክቱ። የፖሊስ የስልክ ቁጥር 991 ነው።

በልማት ምክንያት የሚነሱ ከሆነ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44፣ በመንግሥት ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ በበቂ የመንግሥት እርዳታ ወደ ሌላ አካባቢ መዛወርንም ይጨምራል። ዝርዝሩ ለሕዝብ ጥቅም ስለሚለቀቅ የመሬት ይዞታ፣ ስለ ካሳና ስለ ተነሺዎች መልሶ ማቋቋም በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና በኋላ በተደረገበት ማሻሻያ ውስጥ ይገኛል።

የሚሰጠው ምትክ ወይም ካሳ ባለይዞታ በመሆንና የቀበሌ ቤት ተከራይ በመሆን ይለያያል። ስለዚህ በመጀመሪያ «በመዝገቡ ላይ የተያዝኩት እንደ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ደባል ከሆኑ ወይም ከወላጆችዎ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ከሆነ፣ ቆጠራና ምዝገባ በሚደረግበት ጊዜ ስምዎና የልጆችዎ ስም መግባቱን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ምዝገባው ካለፈ በኋላ ማስተካከል ይቻል ይሆናል፤ ብዙ መመላለስ ግን ያስከትላል።

ነጻ የሕግ ምክር

ጠበቃ ለማቆም አቅም ባይኖርዎትም ምክር የሚያገኙባቸው ቦታዎች አሉ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በደል ፈጽሞብኛል ለሚል ሰው የኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋምና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ይቀበላሉ።

ሰነዶችን ማሰባሰብ

ከዕቃው ሁሉ በፊት የሚሰበሰበው ይህ ነው፦

• የነዋሪነት መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት
• የቤት ካርታ፣ የቀበሌ ቤት ውል ወይም የኪራይ ውል፣ ደረሰኞች
• የልጆች የክትባት ካርድ፣ የእናት የእርግዝና ክትትል ካርድ
• የጤና መድን መታወቂያ፣ የሐኪም ማዘዣ፣ የላቦራቶሪና የኤክስሬይ ውጤት
• የተማሪዎች ውጤትና መልቀቂያ
• የባንክና የኮንዶሚኒየም ቁጠባ ደብተር

በ1997 ወይም በ2005 ዓ.ም ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው ዕጣ የሚጠብቁ ከሆነ የምዝገባ ወረቀቱንና የቁጠባ ደብተሩን በተለይ ይጠብቁ። ወረቀቶቹን ውሃ በማያስገባ ፌስታል ጠቅልለው፣ የሁሉንም ፎቶ በስልክ ይያዙ።

የመኖሪያ ቤት እርዳታ የት ይጠየቃል?

አንድ በር ብቻ አያንኳኩ። መልሱ እስኪመጣ ጊዜ ስለሚወስድ በተመሳሳይ ሳምንት በተለያዩ ቦታዎች ያመልክቱ።

የወረዳው የቤቶች ጽሕፈት ቤት፦ የቀበሌ ቤት የሚያስተዳድረው ይህ ነው። ማመልከቻዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ይቀበሉ። በቃል የተነገረ ጥያቄ ሠራተኛው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፦ ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ እናት፣ አካል ጉዳተኛ፣ ጧሪ የሌለው አረጋዊ ወይም ወላጅ የሌላቸው ልጆች ካሉ ጉዳዩ በዚህም በኩል እንዲታይ ይጠይቁ። የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ተጠቃሚ ከሆኑ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወሩ ስምዎ እንዳይሰረዝ አስቀድመው ያሳውቁ።

እድር፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ፦ ለጊዜያዊ ማረፊያ፣ ለጭነትና ለቀብድ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደርሰው ይህ እርዳታ ነው። ችግርን መናገር ያሳፍራል፤ ነገር ግን እድር የተቋቋመው ለሐዘን ቀን ብቻ አይደለም። ለእድሩ ዳኛ ወይም ለንስሐ አባትዎ፣ ለኢማሙ በግል ይንገሩ።

መቄዶንያ የአረጋውያንና የአዕምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል፦ የሚያስታምመው ሰው የሌለው አረጋዊ ወይም የአዕምሮ ሕመምተኛ ጎዳና ላይ ሊወድቅ ከሆነ ማዕከሉን መጠየቅ ይቻላል።

የሐኪም ማስረጃ መቼ ይጠቅማል?

ከቤተሰቡ አባላት አንዱ ደረጃ መውጣት የማይችል ከሆነ፣ የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ከሆነ፣ ኦክስጅን የሚጠቀም ወይም በየሳምንቱ ሆስፒታል የሚመላለስ ከሆነ፣ ከሚከታተለው ሐኪም የጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቁ። ማስረጃው የበሽታውን ስም ብቻ ሳይሆን የሚያስከትለውን ችግር ቢገልጽ ይሻላል። ለምሳሌ «የልብ ድካም አለባት» ከሚል ይልቅ «ደረጃ መውጣት አትችልም፤ ግራውንድ ላይ መኖር ያስፈልጋታል» የሚለው ለቤት መዳቢው ግልጽ ነው። ማስረጃው ቤት ለማግኘት ዋስትና አይሆንም፤ ምትክ ቤት በሚመደብበት ጊዜ ግን ውሳኔውን ሊያግዝ ይችላል። ሐኪሙ የማያውቀውን ወይም የሌለውን ሕመም እንዲጽፍ አይጠይቁ።

ስለ ደላላ

የተቸገረ ሰው ይቸኩላል፤ አጭበርባሪዎችም ይህን ያውቃሉ። ቤቱን ገብተው ሳያዩ፣ አከራዩን በመታወቂያና በቤቱ ማስረጃ ሳያረጋግጡ ቀብድ አይክፈሉ። ክፍያው በባንክ ይሁን። «የቀበሌ ቤት አስወጣልሃለሁ» ወይም «ኮንዶሚኒየም በውስጥ አገኝልሻለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅን ሰው አይመኑ። ቤቱን ሲያዩ ስለ ኪራዩ ብቻ አይጠይቁ፤ መስኮት አለው ወይ፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ መጸዳጃው ለስንት ቤተሰብ ነው፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት በእግር ስንት ደቂቃ ነው የሚሉትንም ይጠይቁ።

መድኃኒትና ክትትል እንዳይቋረጥ

ከመነሳትዎ ቢያንስ አንድ ሳምንት በፊት ወደ ጤና ጣቢያዎ ሄደው እንደሚዛወሩ ይንገሩ። የዝውውር ወረቀትና እስከ አዲሱ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ ተጨማሪ መድኃኒት ይጠይቁ። ወረቀቱን ሳይይዙ ቢነሱም ወደ አዲሱ ጤና ጣቢያ ከመሄድ አይቅሩ፤ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ወይም ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ።

ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ)፦ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ይወስዳል። በመሃል ማቋረጥ በሽታው መድኃኒት እንዲለምድ ያደርጋል፤ በጠባብ ቤት ውስጥ ደግሞ ለልጆች ይተላለፋል።

ኤችአይቪ፦ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት አገልግሎቱን በሚሰጥ የመንግሥት ሕክምና መስጫ በነጻ ይቀጥላል። ዘመድ ቤት ተጠግተው ሰው እንዳያይብኝ ብለው የሚጨነቁ ከሆነ ለባለሙያው ይንገሩ፤ መድኃኒቱን በሌላ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥና የመውሰጃውን ሰዓት ማስተካከል ይቻላል።

ስኳር፦ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። የተከፈተው ግን ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ እስከ 4 ሳምንት ድረስ ከማቀዝቀዣ ውጭ ሊቆይ ይችላል። ማቀዝቀዣ ከሌለ በእርጥብ አሸዋ ወይም ጨርቅ የተከበበ የሸክላ ዕቃ ይረዳል። ኢንሱሊን በጭነት መኪና ላይ አይጫን፣ በረዶ ላይም በቀጥታ አይቀመጥ። በሥራ ብዛት ምግብ ከዘለሉ የደም ስኳር ሊወርድ ስለሚችል ስኳር ወይም ከረሜላ በኪስዎ ይያዙ።

የሚጥል በሽታ፦ መድኃኒቱ በድንገት ከተቋረጠ ተደጋጋሚና ለሕይወት የሚያሰጋ መጣል ሊከተል ይችላል። እንቅልፍ ማጣትም ያስነሳዋል። በዚህ ሰሞን ሕመምተኛው እሳት አጠገብ ብቻውን አይሁን።

እርግዝና፦ ነፍሰ ጡር ከባድ ዕቃ አታንሳ። አዲሱ ቦታ እንደደረሱ የት እንደምትወልድ፣ ሌሊት ምጥ ቢመጣ በምን እንደምትሄድ ይወስኑ። የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ ወይም የጽንስ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ትሂድ።

ክትባት፦ ሕፃኑ የ6፣ የ10 ወይም የ14 ሳምንት፣ የ9 ወይም የ15 ወር ክትባት ካለፈው ከመጀመሪያው አይጀምርም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ካርዱ ቢጠፋም ይውሰዱት።

የጤና መድን፦ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ፣ አባልነቱ የተመዘገበው በሚኖሩበት ወረዳ ነው። መሸኛ ሲያወጡ ስለ መድኑም አብረው ይጠይቁ። መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር አለ፤ በአዲሱ ወረዳም ይጠይቁ።

በጊዜያዊ ማረፊያ ውስጥ

ከሰል፦ በዝግ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ «አሁን አይጎዳም» የሚባለው ስህተት ነው። የሚያበስሉት ደጅ ወይም በርና መስኮት ተከፍቶ ይሁን፤ ሊተኙ ሲሉ ምድጃውን ያውጡ። በአንድ ክፍል ያሉ ሰዎች አብረው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና መፍዘዝ ከተሰማቸው ወዲያው ወደ ውጭ ይውጡ። ራሱን ለሳተ ሰው አምቡላንስ ይጥሩ። ወተት ወይም ሎሚ ማጠጣት ጋዙን ከደም አያወጣም፤ ራሱን የሳተውን ሰው ደግሞ ሊያንቀው ይችላል።

ሳልና መጨናነቅ፦ ቀን ቀን መስኮትና በር ይክፈቱ። ከ2 ሳምንት የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ለቲቢ ይመርመር። ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው።

ውሃ፦ ንጽሕናው ያልታወቀ ውሃ ያፍሉ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጠቀሙ። የመጠጥ ውሃ ጀሪካን ክዳን ያለውና ለብቻው የተለየ ይሁን። ልጅ ካስቀመጠው አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው በየጊዜው ያጠጡት፤ ጡት የሚጠባውም መጥባቱን ይቀጥል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ዚንክ፣ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን መጨረስ አለበት።

እከክ፦ ሌሊት የሚብስ ማሳከክ በጣቶች መካከልና በእጅ አንጓ ላይ ከታየ እከክ ሊሆን ይችላል። የማያሳክካቸውም ጭምር፣ በአንድ ቤት የሚተኙ ሁሉ በአንድ ቀን ካልታከሙ ተመልሶ ይመጣል። ልብስና አንሶላ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ።

ልጆች

ልጆች ነገሩን የሚያውቁት ከምናስበው ቀድመው ነው። ሹክሹክታውን ይሰማሉ፤ ያልተነገራቸውን ደግሞ በራሳቸው ይሞሉታል፤ ብዙ ጊዜም «በእኔ ምክንያት ነው» ብለው ያስባሉ። ስለዚህ በዕድሜያቸው ልክ እውነቱን ይንገሯቸው።

ለትንሽ ልጅ፦ «ከዚህ ቤት ወደ ሌላ ቤት ልንሄድ ነው። እኔም አባትህም አብረንህ ነን። ብርድ ልብስህን አንተ ትይዘዋለህ።»
ለትልቅ ልጅ፦ «አከራዩ ቤቱን ስለፈለጉት እስከ ወሩ መጨረሻ እንወጣለን። አዲሱ ቤት ገና አልተገኘም፤ እየፈለግን ነው። ሲገኝ መጀመሪያ ለእናንተ እንነግራለን።»

እርግጠኛ ያልሆኑበትን ቃል አይግቡ። «ትምህርት ቤትሽ አይቀየርም» ብለው ኋላ ከሚቀይሩ «አላወቅንም፣ እየጠየቅን ነው» ይሻላል።

ትቶት የነበረው በአልጋ ላይ መሽናት ሊመለስ ይችላል። መነጫነጭ፣ ከእናት አለመለየት፣ ቅዠት፣ ምክንያት የሌለው የሆድ ቁርጠት የጭንቀት ምልክቶች ናቸው። አይገሥጿቸው፣ አያሳፍሯቸው። በአብዛኛው የሚያረጋጋቸው በየቀኑ የማይለወጥ ነገር ነው፦ በአንድ ሰዓት መተኛት፣ አብሮ መብላት፣ ከመተኛት በፊት አጭር ተረት ወይም ጸሎት። ምልክቱ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ወይም ልጁ መብላትና መጫወት ካቆመ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ትምህርት ሳይቋረጥ መቀጠሉ ለልጅ ጤናም ነው። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ ፕሮግራም ስላለ፣ ቤት ውስጥ ምግብ ባነሰበት ሰሞን ልጁ የሚበላው እዚያ ሊሆን ይችላል።

ልጆችን ለጊዜው ዘመድ ጋር መላክ ግድ ከሆነ፣ እህትና ወንድም አብረው ቢሆኑ ይመረጣል። መቼ እንደሚመለሱ ይንገሯቸው፤ በየቀኑ በስልክ ያነጋግሯቸው። ሰው በበዛበት ቤት ልጅ ከማን አጠገብ እንደሚተኛ የሚወስኑት እርስዎ ይሁኑ፤ የሚያስፈራው ሰው ካለ እንዲነግርዎት፣ ሲነግርዎትም እንደማይቆጡት ያስረዱት።

አረጋውያን

40 ዓመት በአንድ ሰፈር የኖሩ እናት ወይም አባት የሚያጡት ቤቱን ብቻ አይደለም። የቡና ጎረቤታቸውን፣ ደብራቸውን ወይም መስጊዳቸውን፣ የሚቀብራቸውን እድር ያጣሉ። ዝም ማለት፣ ምግብ መተውና «እኔስ በቃኝ» ማለት የእርጅና ጠባይ ብቻ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ የድባቴ ሕመም ሊሆን ይችላል። በድንገት መዘባረቅ፣ ሰውና ቀን መለየት አለመቻል ከታየ ደግሞ ኢንፌክሽን፣ የውሃ እጥረት ወይም የመድኃኒት መቋረጥ ሊኖር ስለሚችል በዚያው ቀን ያሳክሟቸው።

አዲሱን ቤት ቀን በብርሃን ያሳዩአቸው። ወደ መጸዳጃ የሚሄዱበት መንገድ ላይ ዕቃ አይከማች፤ ሌሊት መብራት ይኑር። የእድር መዋጮአቸውን ቢርቁም አያቋርጡ፤ በወር አንድ ቀን ወደ ቀድሞው ሰፈር ቢመለሱ ከብዙ መድኃኒት ይልቅ ሊጠቅማቸው ይችላል።

ስለ ራስዎ

ቤተሰቡን ያዘለው ሰው ስለ ራሱ የሚያስበው መጨረሻ ነው። በዚህ ሰሞን ማልቀስ፣ መናደድ፣ መርሳት፣ ልብ ቶሎ ቶሎ መምታት ድክመት አይደለም። የሚከተሉት ይረዳሉ፦

• የቀኑን ሥራ ወደ ሦስት ነገር ያሳጥሩ፤ ከዚያ ያለፈውን ለነገ ይተዉ።
• ስለ ቤቱ ጉዳይ ከባለቤትዎ ጋር የሚነጋገሩበት ሰዓት ይለዩ፤ ልጆች ባሉበትና በመኝታ ሰዓት አይሁን።
• ባልና ሚስት ቢሮ ለቢሮ መመላለሱን ይከፋፈሉ፤ አንዱ ብቻ አይሸከመው።
• ቁርስ ሳይበሉ ወረፋ አይሰለፉ።
• እንቅልፍ ለማምጣት አልኮል፣ ሐሳብ ለመርሳት ጫት አይጠቀሙ፤ ሁለቱም እንቅልፍንና ስሜትን ያበላሻሉ፣ ለቤት የሚሆነውንም ገንዘብ ይበላሉ።

የሐዘን ስሜት ወይም የፍላጎት ማጣት በአብዛኛው ቀን፣ ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ፤ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፤ የጥፋተኝነትና የዋጋ ቢስነት ስሜት ከበረታ ድባቴ ሊሆን ይችላል። ይህ በሕክምና የሚድን ሕመም ነው። ብዙ ጤና ጣቢያዎች የመጀመሪያ ደረጃ የአዕምሮ ጤና ሕክምና ይሰጣሉ፤ ካስፈለገም ወደ አማኑኤል የአዕምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል ይልካሉ። ጸበል ወይም ዱዓ የሚከታተል ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል።

«ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎት ለብቻዎ አይያዙት። ለሚያምኑት ሰው ዛሬውኑ ይንገሩ፤ ብቻዎን አይሁኑ፤ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የቤተሰብዎ አባል እንዲህ ካለ አያጣጥሉት፣ አይቆጡት። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። አብረውት ይቆዩ፤ ጎጂ ነገሮችንና የተከማቸ መድኃኒት ከአጠገቡ ያርቁ።

በቤት ውስጥ ጥቃት ካለ

የቤት ችግር ያለውን ጠብ ያባብሳል፤ ድብደባን ግን ትክክል አያደርገውም። የመደፈር ጥቃት የደረሰበት ሰው፣ ልጅም ይሁን አዋቂ፣ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም መድረስ አለበት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። እርግዝናን የሚከላከለውም በቶሎ ሲወሰድ የበለጠ ይሠራል። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምና፣ የሥነ ልቦናና የሕግ እርዳታ በአንድ ቦታ የሚሰጥበት ማዕከል አለው። ከተቻለ ከምርመራው በፊት ገላን አይታጠቡ፣ ልብሱንም አይጠቡ፤ ታጥበው ከሆነም ግን ይሂዱ።

በአስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው መቼ ነው?

• ልጅ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ ወይም በፍጥነት ከተነፈሰ
• ከፍተኛ ትኩሳት ከአንገት መድረቅና ከከባድ ራስ ምታት ጋር
• የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የአንድ ወገን መስነፍ ወይም የአፍ መጣመም
• የሚጥል ሕመም ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም ሳይነቃ ከደገመ
• ከሰል በነደደበት ክፍል ራሱን የሳተ ሰው
• ራሱን ወይም ሌላውን ለመጉዳት የተነሳሳ ሰው

የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

በአዲሱ ሰፈር የመጀመሪያ ሳምንታት

ዕቃው ሳይደረደር እነዚህን ያስቀድሙ፦ ጤና ጣቢያውን ይፈልጉና ካርድ ያውጡ። ልጆቹን ትምህርት ቤት ያስመዝግቡ። ከቀድሞው ወረዳ ያወጡትን መሸኛ አስገብተው መታወቂያ ይቀይሩ፤ ያለ እሱ ሌላው አገልግሎት ሁሉ ይጓተታል። የአካባቢውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይተዋወቁ፤ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም ቋሚ መድኃኒት የሚወስድ ሰው እንዳለ ይንገሯት። የሰፈሩን እድር ይጠይቁ፤ ጎረቤትንም ቡና ይጥሩ። የሚረዳ ጎረቤት ያለው ቤተሰብ ሌሊት ልጅ ሲታመም ብቻውን አይደለም።

ለቤት ያስገቡት ማመልከቻ መልስ ካልመጣ በየ2 ሳምንቱ ተመልሰው ይጠይቁ፤ የሄዱበትን ቀንና ያነጋገሩትን ሠራተኛ ስም በአንድ ደብተር ይጻፉ። በዚያው ደብተር ጀርባ የቤተሰቡን የሕክምና ቀጠሮዎች ይመዝግቡ። እንዲህ ከሆነ አንዱን ለመከታተል ሲከፍቱት ሌላውም ይታይዎታል።